የዎከርተን ውሃና የዳኛው ሪፖርት

ስለ መጠጥ ውሃ ብክለት ከተጻፉት መካከል ለጤና ባለሙያ እጅግ ከሚጠቅሙት አንዱን የጻፈው ሐኪም አይደለም፤ መሐንዲስም አይደለም። ጸሐፊው በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዴኒስ ኦኮነር ናቸው። እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 2000፣ ዎከርተን በምትባል 4,800 ያህል ነዋሪዎች በነበሯት የገጠር ከተማ፣ በቧንቧ ውሃ ሳቢያ በተቀሰቀሰ ወረርሽኝ ከ2,300 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 7 ሰዎች ሞቱ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ጉዳዩን ለዳኛው ሰጠ። እሳቸውም ምስክር ሰምተውና ሰነድ መርምረው በ2002 ሪፖርታቸውን በሁለት ክፍል አወጡ። የመጀመሪያው ክፍል የሆነውን ይተርካል፣ ምክንያቱንም ይመረምራል። ሁለተኛው ክፍል ለወደፊቱ መደረግ የሚገባውን ይዘረዝራል።

ሪፖርቱ ከወጣ ከሃያ ዓመታት በላይ ቢያልፉም አላረጀም። በውሃ መሐንዲሶችና በሕግ ሰዎች ዘንድ ዘወትር ይጠቀሳል። በሕክምናው ሰው ዘንድ ግን ስሙ ይሰማል እንጂ ሲነበብ እምብዛም አይታይም። ይህ የሚያስቆጭ ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ፣ ምናልባትም ዳኛው ራሳቸው ካሰቡት በላይ፣ የሕክምና ሙያ ስለ ራሱ ያለውን ግምት የሚፈትን ነገር አለ።

የዎከርተን ታሪክ በአጭሩ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ሆኖ ይቀርባል። አንደኛው የከተማው የውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለተኛው ፎርማን ነበሩ። የክሎሪን መዝገብ በሐሰት ሞሉ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ደበቁ፣ ሰው ሞተ፤ በ2004ም ጥፋታቸውን አምነው ሥራ አስኪያጁ የአንድ ዓመት እስራት፣ ፎርማኑ የ9 ወር የቤት ውስጥ እስር ተፈረደባቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ኦኮነርም ወንድማማቾቹን ነፃ አያወጡም። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ እንዲያልቅ አይፈቅዱም፤ የሪፖርታቸው ትልቁ ብልጫም ይህ ነው። ጥፋተኛ መፈለግ የለመደ ሰው፣ ያውም ዳኛ፣ ጥፋተኛው እጁ ላይ ከገባ በኋላ ምርመራውን መቀጠሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ትረካው የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። ከተማዋ ከምትጠቀምባቸው ጉድጓዶች አንዱ፣ 5 ቁጥር የሚባለው፣ በ1978 የተቆፈረ ሲሆን ውሃው ይገኝ የነበረው ከ8 ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ካለ የተሰነጣጠቀ ዐለት ነው። ከዐለቱ በላይ ያለው አፈር ስስ ነው። አጠገቡ የከብት እርባታ አለ። የእርሻው ባለቤት በኤፕሪል መጨረሻ በማሳው ላይ ፍግ በተነ። ሪፖርቱ ገበሬው ሥራውን በወጉ እንዳከናወነና ምንም ወቀሳ እንደማይገባው በግልጽ ያሰፍራል። ከሜይ 8 እስከ 12 ባሉት አምስት ቀናት 134 ሚሊሜትር ዝናብ ወረደ። ዝናቡ ፍጉን አጥቦ በስንጥቁ በኩል ወደ ጉድጓዱ አስገባው። ከፍጉ ጋርም ኢ. ኮላይ ኦ157፡ኤች7 እና ካምፒሎባክተር ጀጁኒ ገቡ። በኋላ በተደረገው የዘረ መል ምርመራ በእርሻው ላይ የተገኙትና በሕሙማኑ ላይ የተገኙት ተሕዋስያን ተመሳሳይ ሆነው ተገኝተዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የክሎሪን ማብራሪያ ነው። ይህን ክፍል ማንኛውም የጤና መኰንን፣ ነርስና ሐኪም በእርጋታ ሊያነበው ይገባል። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲጨመር በመጀመሪያ የሚያገኘውን ቆሻሻ በማቃጠል ያልቃል፤ ተሕዋስያንን ለመግደል የሚቀረው ከዚያ የተረፈው ነው። ቀሪ ክሎሪን የሚባለውም ይህ ትርፍ ነው። በኦንታሪዮ መመሪያ መሠረት ክሎሪኑ ከውሃው ጋር ለ15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን መገኘት ነበረበት። በ5 ቁጥር ጉድጓድ ይጨመር የነበረው ክሎሪን ግን በደኅናው ቀን እንኳ ከሚገባው በታች ነበር። ፍጉ ሲገባ ያችን ጥቂት ክሎሪን ፈጃት። ስለዚህ ቀሪ ክሎሪን መለካት ማለት ክሎሪን መጨመሩን ማረጋገጥ ብቻ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ ያልታሰበ ነገር መግባቱን ከማንኛውም የባክቴሪያ ምርመራ ቀድሞ የሚናገር ምልክት ነው። የባክቴሪያ ምርመራ ውጤት እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጃል፤ የቀሪ ክሎሪን ንባብ የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ቀሪ ክሎሪንንና የውሃውን ድፍርስነት ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ በ5 ቁጥር ጉድጓድ ላይ ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ ወረርሽኙ እንደማይነሣ ዳኛው ደምድመዋል።

መሣሪያው አልነበረም። የነበረው በየቀኑ በእጅ የሚሞላ መዝገብ ነው። በመዝገቡ ላይ ዕለት ዕለት 0.5 ወይም 0.75 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ሜይ 13፣ ማለትም ብክለቱ ከገባ በኋላ፣ ፎርማኑ ጉድጓዱ ዘንድ ሄዶ 0.75 ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ ከመለኪያ የተገኘ አልነበረም፤ የልማድ ቁጥር ነበር። ሪፖርቱ ይህን ሲተርክ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ስለዚህም ይበልጥ ያስደነግጣል። ለዓመታት ተመሳሳይ ቁጥር ሲደጋገም ያየ ተቆጣጣሪ ሁሉ መጠርጠር ነበረበት። የተፈጥሮ ውሃ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መሥመር አያወጣም። በየሰዓቱ 36.5 እና 80 ብቻ የተጻፈበትን የሙቀትና የልብ ምት ሠንጠረዥ ያየ ሐኪም ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሰዎቹ ለምን እንዲህ አደረጉ? ዳኛው ክፋት አላገኙም። ያገኙት እምነት ነው። ሠራተኞቹ የከርሰ ምድር ውሃ ንጹሕ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ራሳቸውም ክሎሪን ሳይገባበት ይጠጡት ነበር። ክሎሪን የሚጨመረው ለመሥሪያ ቤት ደንብ እንጂ ለጤና መስሎ አይታያቸውም። ነዋሪውም በበኩሉ ጣዕሙን እየጠላ ስሞታ ያቀርብ ስለነበር መጠኑን መቀነስ ደንበኛን እንደ ማስደሰት ተቆጠረ። ሁለቱም ወንድማማቾች የሙያ የምስክር ወረቀት ነበራቸው፤ ወረቀቱን ያገኙት ግን በአገልግሎት ዘመናቸው ብዛት እንጂ ተምረውና ተፈትነው አልነበረም። ኢ. ኮላይ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ በወጉ አያውቁም ነበር። የውሸቱ ሥር ዕውቀት ማጣት መሆኑን የሚያሳየው ይህ ምዕራፍ ከሪፖርቱ ሁሉ የላቀው ነው።

ከሁለቱ ሰዎች በላይ ያሉትን ሪፖርቱ በቅደም ተከተል ይፈትሻቸዋል። የክፍለ ሀገሩ የአካባቢ ሚኒስቴር ጉድጓዱን በ1978 ሲፈቅድ አንዳችም ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። በ1991፣ በ1995 እና በ1998 ተቆጣጣሪዎች መጥተው የመዝገቡን ነገር ሳይደርሱበት ተመለሱ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በተደረገው የበጀት ቅነሳ ሚኒስቴሩ ከ750 በላይ ሠራተኞች አጣ። ይህ ሁሉ በጥንቃቄ የተሰናዳ ቢሆንም የቢሮ ታሪክ ነውና ለውጭ አንባቢ ይረዝማል፤ ቶሎ ቢታለፍም የሚጎድል ነገር የለም።

አንዱ ክፍል ግን ሊታለፍ አይገባም፤ የላቦራቶሪው ጉዳይ። መንግሥት ለከተሞች ውሃ የሚሰጠውን የላቦራቶሪ ምርመራ በ1996 አቁሞ ሥራው ወደ ግል ላቦራቶሪዎች ተላልፎ ነበር። ሥራው ሲተላለፍ፣ መጥፎ ውጤት ያገኘ ላቦራቶሪ ለጤና ኃላፊው እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ አብሮ አልወጣም። ሜይ 15 የተቀዳው ናሙና ውጤት ሜይ 17 በፋክስ ተላከ፤ ኮሊፎርምና ኢ. ኮላይ መኖራቸውን የሚናገረው ወረቀት የሄደው ለውሃ አገልግሎቱ ብቻ ነበር። ላቦራቶሪው ውሉን አክብሯል፤ ውጤቱን ለከፋዩ ሰጥቷል። ወረቀቱም በሥራ አስኪያጁ እጅ ቀረ። ውሃው የተበከለ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ለማንም ላለመንገር ምክንያት ነበረው። ሌላው 7 ቁጥር ጉድጓድ ከሜይ 15 ጀምሮ ክሎሪን መጨመሪያ ሳይኖረው ውሃ ይረጭ ስለነበር ይህ እንዳይታወቅበት ፈርቷል።

አሁን ሐኪሞቹ ይመጣሉ። ሜይ 18 ሁለት ሕፃናት ደም በተቀላቀለበት ተቅማጥ ምክንያት በአጎራባቿ ኦወን ሳውንድ ከተማ ሆስፒታል ተኙ። የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ክሪስተን ሃሌት ኢ. ኮላይ ኦ157ን ጠረጠሩ፤ ሁለቱም ልጆች ከዎከርተን መምጣታቸውን አስተዋሉ፤ በማግስቱም ለአካባቢው የሕዝብ ጤና ጽሕፈት ቤት ደወሉ። በዚያው ዕለት ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች መብዛታቸው ተሰማ፤ አንዲት የትምህርት ቤት ሠራተኛም ነገሩ ከውሃው ሳይሆን እንዳልቀረ ተናገሩ። ጽሕፈት ቤቱ በመጀመሪያ ያሰበው ምግብን ነበር፤ በጊዜው ይህ ተሕዋስ ይታወቅ የነበረው በይበልጥ ባልበሰለ የተፈጨ ሥጋ ነውና። ያም ሆኖ ወደ ውሃ አገልግሎቱ ስልክ ተደወለ። ሥራ አስኪያጁ ውሃው ደኅና መሆኑን ነገሯቸው። በማግስቱም እንዲሁ አሉ። ሜይ 21 ከቀትር በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጫ ሳይጠብቅ ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ ለሕዝቡ አስታወቀ። ማስታወቂያው በአካባቢው ሬድዮ ተነገረ እንጂ በቴሌቪዥንና በቤት ለቤት ወረቀት አልተሠራጨም፤ በዕለቱ የሰማው የነዋሪው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ሞት የደረሰው በማግስቱ ነው። 27 ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናት፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያፈርሰውና ኩላሊትን የሚያውከው ሄሞሊቲክ ዩሪሚክ ሲንድረም ያዛቸው።

ዳኛው የጤና ጽሕፈት ቤቱ የሥራ አስኪያጁን ቃል ማመኑ ምክንያታዊ ነበር ብለዋል። እንደ ሕግ ፍርድ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። እንደ ሙያ ጥያቄ ግን ጉዳዩ እዚህ ላይ መዘጋት አልነበረበትም። በስልክ የሚቀርብ ጥያቄ ውሃው ደኅና ነው ወይ በሚል ብቻ ሊወሰን አይገባም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀበለው መልስ አስተያየት ነው። ዛሬ ጠዋት ቀሪ ክሎሪኑ ስንት ሆኖ ተነበበ፣ በየትኛው ጉድጓድ፣ ማን አነበበው፣ የመጨረሻው የላቦራቶሪ ውጤት የመጣው መቼ ነው፣ ወረቀቱ ይላክልን ተብሎ ሲጠየቅ መዋሸት ይቻላል፤ ነገር ግን ሰውየው አራት ጊዜ፣ ያውም በጽሑፍ ሊጣራ በሚችል ነገር ላይ፣ መዋሸት ይኖርበታል። ሕመምተኛን ደኅና ነህ ወይ ብሎ ብቻ የሚያሰናብት ሐኪም የለም። 

ከሁሉ ይልቅ ሊተኰርበት የሚገባው ግን በሪፖርቱ ውስጥ በጥቂት መሥመሮች የሰፈረ አንድ ግምት ነው። ሥራ አስኪያጁ የላቦራቶሪውን ውጤት ባይደብቁና አፍልቶ የመጠጣት ማስታወቂያው ሜይ 19 ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ከ300 እስከ 400 የሚሆኑ ሰዎች ከመታመም ይድኑ እንደነበር ዳኛው ይገምታሉ። ከሞቱት ግን አንድም ሰው መትረፉ እጅግ አጠራጣሪ ነው ይላሉ። ይህ ከባድ ዐረፍተ ነገር ነው። ሁሉም ሰው እውነቱን ቢናገር፣ ሐኪሟ በፍጥነት ቢጠረጥሩ፣ ስልኩ ወዲያው ቢመለስ፣ ማስታወቂያው በሁለት ቀን ቢቀድም፣ ከ2,300 ሕሙማን መካከል የሚድኑት ከአምስት አንዱ እንኳ አይሆኑም።

ምክንያቱ ቀላል የቀን ቆጠራ ነው። ብክለቱ በዋናነት የገባው ሜይ 12 ወይም ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ ነው። ኦ157 ከተዋጠ በኋላ ተቅማጥ እስኪጀምር አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ቀን ይወስዳል። ተቅማጡ ደም እስኪቀላቅል፣ ወላጅ ወደ ሆስፒታል እስኪወስን፣ ሐኪም ሁለት ሕሙማንን እስኪያገናዝብ ሌላ ሁለት ሦስት ቀን ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከተማው ይጠጣል። ዎከርተን ውስጥ የሕክምናው ክፍል ሥራውን በደንብ ሠርቷል፤ የዘገየው ግን የግድ ነው። በሽታን በመከታተል ውሃን መጠበቅ አይቻልም። በሕመምተኛው አልጋ በኩል የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ ሰው ከጠጣ በኋላ የሚመጣ ነው። በአገርኛው አነጋገር ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነው።

ይህ በሕክምና ትምህርት ውስጥ ከተተከለው የጆን ስኖው ምስል ጋር ይጋጫል። በ1854 ለንደን ውስጥ በብሮድ ስትሪት ኮሌራ ሲገባ ስኖው የሟቾቹን ቤቶች ቆጥረው የውሃ መቅጃውን እጀታ አስነቀሉ፤ ወረርሽኙም ቆመ ተብሎ ይተረካል። እጀታው የተነቀለው ሴፕቴምበር 8 ነው። በዚያን ጊዜ ብዙው ነዋሪ አካባቢውን ጥሎ ሸሽቶ ነበር፤ የሟቾቹም ቁጥር ከቀናት በፊት ማሽቆልቆል ጀምሯል። ይህን የጻፉት ስኖው ራሳቸው ናቸው። የእሳቸው ታላቅነት በሽታው በውሃ እንደሚተላለፍ በማስረዳታቸው እንጂ እጀታ በማስነቀላቸው አይደለም። ትውልድ ግን እጀታውን መረጠ፤ ሐኪሙ በመጨረሻው ሰዓት ደርሶ ሕዝብ ሲያድን ማየት ደስ ይላልና። የኦኮነር ሪፖርት ይህን ደስታ ይነሣል። ዳኛው ሐኪም ስላልሆኑ ሐኪሙን ጀግና ለማድረግ አልተቸገሩም፤ ለማድረግም አልፈለጉም።

ሪፖርቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም። የታመሙት ሰዎች በውስጡ በቁጥር እንጂ በድምፅ ብዙም አይሰሙም። ስለ ሕክምናው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ በኦ157 ሕመም አንቲባዮቲክ የኩላሊቱን ችግር ሊያባብስ ይችላል መባሉን የመሰለ ለሐኪም ወሳኝ የሆነ ነጥብ በእንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ነው። ሁለተኛው ክፍል ምንጩን ከመጠበቅ፣ ከማጣራት፣ በክሎሪን ከማከም፣ መሥመሩን ከመጠበቅና ከመለካት የተሠራ የተደራረበ መከላከያ ያስተምራል፤ ትምህርቱ ጥሩ ነው። ሆኖም የተጻፈው ውሃ ሃያ አራት ሰዓት በግፊት ለሚፈስበት አገር ነው። መከላከያው ቧንቧው አፍ ላይ ሲደርስ ያበቃል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አንባቢ ከሪፖርቱ ይለያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቧንቧው ባዶ በሚሆንባቸው ሰዓታት ግፊት ስለማይኖር፣ በተሰነጠቀው መጋጠሚያ በኩል በአጠገቡ ያለው ፍሳሽ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ጉድጓዱ ዘንድ በትክክል የተለካ 0.5 ቁጥር ቦኖው ዘንድ ምንም ላይነግር ይችላል። ከቦኖ በኋላ ጀሪካኑ አለ፣ ሮቶው አለ፣ በጀሪካኑ ውስጥ የሚጠልቀው ኩባያና እጅ አለ። ስለዚህ መለኪያው ከጉድጓዱ ወጥቶ እስከ ጀሪካኑ መከተል አለበት። የውሃ አጋር ጠርሙስ በየቤቱ ማደልም የራሱ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ወረርሽኝ ሲነሣ ብቻ የሚታደል ከሆነ ያው የብሮድ ስትሪት እጀታ መሆኑ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ኦ157ን ለይቶ ለማውጣት ሶርቢቶል ያለበት ልዩ የማሳደጊያ ሚዲያ ያስፈልጋል። ይህ በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን እንደ ሺጌላ ታስቦ በመመሪያው መሠረት አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፤ ለብቻው ለመጣ አንድ ሕፃን ይህ አግባብ ነው። ነገር ግን የዎከርተን ዓይነት ወረርሽኝ ቢነሣ በስሙ ላይታወቅ ይችላል ማለት ነው። በካናዳ የዘገየው የሕመምተኛው አልጋ ምልክት እዚህ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። በመሆኑም ከሪፖርቱ ለኢትዮጵያ የሚተርፈው ትምህርት ከካናዳው ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ስለ ስም ከተነሣ ሌላም ነገር መነካቱ አይቀርም። በ1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ ጀምሮ ወደ ብዙ ክልሎች የተዛመተው ወረርሽኝ በይፋ የተጠራው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት ተብሎ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግን የጤና ባለሥልጣናት ኮሌራ ብለው በግልጽ አስታወቁ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ለጀመረውም ይኸው ስም ተሰጥቶታል። አተት የሚለው ስያሜ የሕመሙን ምልክት ስለሚገልጽ ለሕክምናው አልጎዳ ይሆናል፤ ድርቀት የሚታከመው ያው በኦአርኤስና በግሉኮስ አይደለም፣ በኦአርኤስና በሪንገር ነው። የሚጎዳው ውሃውን ነው። ኮሌራ ሲባል ማንም ሰው ምንጩ የት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ተቅማጥና ትውከት ሲባል ግን ጥያቄው ምን በላህ ወደሚለው ያዘነብላል። የዎከርተኑ ሥራ አስኪያጅ ደኅና ነው ሲሉ የዘጉት በር ይኸው የምንጩ ጥያቄ ነበር።

ኦንታሪዮ በሪፖርቱ መነሻነት በ2002 የመጠጥ ውሃ ደኅንነት ሕግ አውጥታለች። ሌሎች ግን ሪፖርቱን አንብበውም አልዳኑም። በኒውዚላንድ ሃቭሎክ ኖርዝ በምትባል 14,000 ያህል ነዋሪዎች በነበሯት ከተማ፣ በኦገስት 2016፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ የበግ እበት ክሎሪን ወደማይጨመርበት ጉድጓድ ገብቶ ከ5,000 በላይ ሰዎች በካምፒሎባክተር ታመሙ። ዝናቡ፣ እበቱ፣ ከመሬት በታች ስለሆነ ንጹሕ ነው የሚለው እምነት፣ ሁሉም ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት በዎከርተን የታዩ ናቸው። በዚያም የተቋቋመው አጣሪ አካል የኦኮነርን ሥራ ደጋግሞ አንሥቷል። ሪፖርት መጻፉ ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው አጣሪ ባላስፈለገ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል ለብቻው የታተመ አጭር ማጠቃለያ አለው። ማጠቃለያው፣ ከሁሉም በፊት የክሎሪኑና የዕለት መዝገቡ ክፍል፣ ወደ አማርኛ ቢመለስ ተገቢው አንባቢ በሐኪም ቤት ያለው ሰው ብቻ አይደለም። በየአነስተኛው ከተማ የውሃ ጽሕፈት ቤት በየማለዳው ብዕር ይዞ መዝገቡ ፊት የሚቆመው ሠራተኛ ነው። ለእሱ ቀሪ ክሎሪን ለምን እንደሚለካ የነገረው ሰው ካለ፣ ያ ሰው ብዙውን ጊዜ የወረዳው የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነው። የትርጉሙ ሥራም ከዚያ ባለሙያ ጋር ቢጀመር ይሻላል፤ መዝገቡ ላይ ዘወትር የሚደጋገመውን ቁጥር አስቀድሞ ያየው እሱ ነውና።